አሥራ አንድ ለቀማ

ማክሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 76 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም በቡና መጋዘኑ ለቀማ። ጥቁሩ ፍሬ ወዲህ፣ የተሰበረው ወዲያ፣ ጠጠርና የአፈር ጓል ወደ ጣሳው። ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል። ስለ ጀርባዬ አልጽፍም፣ ትናንት ጽፌዋለሁ።

ደብተሬ፣ ዛሬ አንድ ነገር አየሁ። ኑሪያ የአፈሩን ጓል ወደ ጣሳው አትጥልም። አንዱን ጣለች። ሁለተኛውን አፏ ውስጥ ከተተች። ቀና ብላ ግራ ቀኝ አየች። አኘከች። ዋጠች።

የጠረጴዛው አለቃ እኔ ነኝ። የሃያ ሴት እጅ ማየት ሥራዬ ነው። እንዳላየሁ ሆኜ መልቀሜን ቀጠልኩ። ከጎኔ ያለችው ጦይባ ግን አየች። የእሷ ምላስ አያርፍም።

«አዴ ዘይነባ፣ ይቺ ልጅ የመጋዘኑን አፈር በልታ ልትጨርስ ነው። ኋላ ምን ላይ ልንቆም ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ኑሪያም ሳቀች። ጥርሷ ላይ አፈር ነበረ።

እኔ አልሳቅኩም። ልጅ ሳለሁ የባሌን እናት ግድግዳ በጥፍሬ እየፋቅኩ በልቻለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የነገረችኝ አማቴ ናት፣ ሆዴን በእጇ ዳብሳ።

ያ ረቢ፣ አይሁን።

ረቡዕ፣ የካቲት 7፣ ጠዋት ከሥራ በፊት

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኑሪያ እዚሁ ቤቴ ጥግ ካለው መደብ ላይ ተኝታለች፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን። ልጠይቃት አልኩና ተውኩት። ያልጠየቁት ነገር አልሆነም ማለት ይቻላል፣ ለጊዜው።

ልጅቷ የሸቤ ናት። የአባቷ ነፍስ ካለፈች አራት ዓመት። እናቷ ከሸቤ ወዲያ ገጠር ጥቂት እግር ቡና አላት፣ ሌላ ምንም። እዚያ ያለው ት/ቤት ከስድስተኛ አያልፍም። ሰባተኛ ልትማር ወደ ጅማ ላኳት። ጊንጆ ሠፈር እኔ ቤት አረፈች። በየሁለት ሳምንቱ ጎደሬና የበቆሎ ዱቄት ይመጣላት ነበር። ጥቅምት ላይ ቡናቸውን በረዶ መታው። ስንቁ ቀረ። ልጅቷ ከት/ቤት ትመለስና ውሃ ጠጥታ ትተኛለች። «በላሽ?» ስላት «ጓደኛዬ ቤት በላሁ» ትላለች። ጓደኛ እንደሌላት አውቃለሁ።

ስለዚህ ኅዳር ላይ ወደ መጋዘኑ ወሰድኳት። ጠዋት ለቀማ፣ ከቀትር በኋላ ትምህርት። ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ነበር።

ፊደል አንድ ብዬ የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ። አንቺን፣ ደብተሬን፣ የሸለሙኝም ያኔ ነው። ማንበብ አገኘሁ እንጂ ጽሕፈቴ ጠማማ ነበር። ያቃናችው ኑሪያ ናት። እሁድ እሁድ አጠገቤ ትቀመጣለች። የመሠረተ ትምህርቱ አስተማሪ ሦስቱም ሀ አንድ ነው፣ የመጣልሽን ጻፊ ብሎኝ ነበር። እሷ አትስማማም። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ሀ አለው ትላለች። ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ። ስሳሳት እጄን መታ ታደርገኛለች፣ እኔን፣ አያቷ የምሆነውን።

እሁድ፣ የካቲት 11፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጠየቅኳት።

አልካደችም። ስለ ጓሉ ነገረችኝ፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸተኛል አለች። ሁለት ወር ልማዷ እንዳልመጣ ነገረችኝ።  ማን እንደሆነ ስጠይቃት «ተራ» አለችኝ። የምን ተራ? የሚዛን ተራ።

ሚዛን ያዡ ረሻድ ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩን ላስረዳሽ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የለቀምነውን ይዘን ሚዛን እንሰለፋለን። ከሁሉም ጠረጴዛ ሃምሳ ሴት። ስም የሚጠራው ረሻድ ነው፣ እንደ ፈለገው። የከሰዓቱ ትምህርት በስድስት ተኩል ይገባል፣ የት/ቤቱ ዘበኛ በሩን ይቆልፋል። መጀመሪያ የተጠራች ትደርሳለች። መጨረሻ የተጠራች በር ላይ ትቀራለች። ኅዳርን ሙሉ ኑሪያን መጨረሻ ጠራት። ሳይመዘንላት ብትሄድ የቀኑ ድካሟ ከንቱ ነው። የክፍሏ መምህር ከእንግዲህ ሦስት ቀን ከቀረሽ ትሰረዢያለሽ አላት። ረሻድን ለመነችው። እሱም ቅዳሜ መጥታ ቢሮውን እንድትጠርግለት፣ ሰኞ አንደኛ እንደሚጠራት ነገራት።

የቀረውን አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም።

ከታኅሣሥ ጀምሮ «ኑሪያ!» መጀመሪያ ሲጠራ እሰማ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። አላህ አየላት አልኩ። ጦይባ ረሻድን «ሚዛንህ ዓይን አወጣች መሰለኝ፣ ልጅ ልጁን ነው የምትመርጠው» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። ሁላችንም እንስቃለን። እኔም ስቄአለሁ። 

ነግራኝ ስትጨርስ በጥፊ መታኋት። ለምን መታኋት? እሷ ምን አደረገች? ለት/ቤት መድረስ ፈለገች። እጄ ቀደመኝ። አስተግፊሩላህ። ጉንጯን ይዛ አላለቀሰችም። የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ደብተሯን አወጣች።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ከአንቺ የደበቅኩት ነገር አለ።

መጋዘኑ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አልቀበልም ብሎ ነበር። የቀበሌ ወረቀት አምጡ ይላል። በቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ከሴቶቹ መጻፍ የምችል ትልቅ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ። እኔ እጽፋለሁ፣ ሊ/መንበሩ ሳያነብ ማኅተም ያሳርፋል። ኅዳር ላይ ጻፍኩ። «ዕድሜ፦ አሥራ ስምንት።» እንዴት አሳምሬ ጻፍኩት! በሕይወቴ እንደዚያ የተስተካከለ ስ ጽፌ አላውቅም።

ኑሪያ በትከሻዬ በኩል አየችና «አዴ፣ ቁጥሩ ተሳስቷል» አለች።

«ዝም በይ። መብላት ነው የምትፈልጊው ወይስ ማረም?»

ሳቀች። ሁለታችንም ሳቅን። ወረቀቱን ይዛ ስትሄድ ከኋላ አየኋት፣ የኮንጎ ጫማዋ አንዱ በሽቦ የተጠገነ።

አሥራ አምስት ነበረች። ታኅሣሥም አሥራ አምስት፣ ዛሬም አሥራ አምስት።

ሰኞ፣ የካቲት 19፣ ማታ 1 ሰዓት

ነገሩን ላስረዳ ኑሪያን ይዤ ት/ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ በአክብሮት አስቀመጠኝ፣ «እማማ» አለኝ። ከዚያ በአክብሮት አባረረን። ያረገዘች ልጅ ከሌሎቹ ጋር አትቀመጥም፣ ታበላሻቸዋለች። ወልዳ ሲያድግላት ትምጣ አለ። ሰባተኛ ክፍል ጠብቆ የሚያቆያት ይመስል።

ከመዝገብ ሰረዟት። በቀይ ነው የሚሰርዙት፣ በማስመሪያ። ሁለተኛ ነበረች ከክፍሏ።

ረሻድ ዛሬም ሚዛኑ ላይ ነበረ። እሱን ከየትኛው መዝገብ ይሰርዙት? ማን ማስመሪያ ይይዝለት? «አዴ ዘይነባ፣ ዛሬ ምነው ከፋዎት?» አለኝ። የለቀምኩትን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ።

ኑሪያ ለቀማውን አላቆመችም። አሁን መጨረሻ ይጠራታል እንደገና። ግድ የላትም፣ የምትደርስበት የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 28፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

እናቷ መጣች። መልእክት የላኩት እኔ ነኝ። ከሸቤ በጭነት መኪና፣ ጎደሬ በጀርባዋ። ቀጭን ናት። በዕድሜ ከእኔ በብዙ ታንሳለች፣ ስንታይ ግን እኩያ ነን። አማርኛ አታውቅም፣ በኦሮምኛ አወራን።

እጨቀጭቃታለሁ ብዬ ነበር። ለዚህ ነው ልጅ የሚላከው? ማን ያያታል ብለሽ? ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። ገና ከበሩ ስትገባ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ። ልጄን ስላበሉልኝ አለች። ቃሌ ሁሉ ጠፋኝ።

ልጇን አልመታችም። አጠገቧ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሽላት ቆየች። ከዚያ ለብቻዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ምን ትቆጥሪያለሽ አልኳት። ኑሪያ በተወለደች ሳምንት ባሏ በደጃቸው አንድ ረድፍ ቡና ተክሎ ነበር። በአራት ዓመቱ አፈራ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ተለቅሟል። አራትና አሥራ አንድ። የገጠር ሰው የልጁን ዕድሜ እንዲህ ነው የሚይዘው፣ የእኔ አባት ለዚያም አልደከመም እንጂ። በየለቀማው ልጅቷን ከቡናው ጋር ታቆማታለች፣ ማን በለጠ ብላ። ዘንድሮ ከበረዶው የተረፈውን ስትለቅም ልታቆማት አልቻለችም፣ ልጅቷ ጅማ ነበረች።

የሰው ቡና ስትለቅም።

ሰኞ፣ መጋቢት 3፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ እናቷ በረሻድ ላይ ያቀረበችውን ክስ ዛሬ ሰማ። መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ሦስት ዳኞች። ረሻድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ። ፈቅዳ ነው አለ፣ ትልቅ ሴት ናት፣ ወረቀቷ ይመስክር። ወረቀቱ ተነበበ። አሥራ ስምንት። ከታች የጸሐፊዋ ስም፣ የእኔ ስም። አንዱ ዳኛ ቀና ብሎ አየኝና «ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለ። ወላሂ እንዲህ አለ።

እናትየውን ጠየቁ፣ ስንት ዓመቷ ነው? ዳኞቹ ኦሮምኛ አይሰሙም፣ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። እናትየዋ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ፣ ቡናው በአራት ዓመቱ አፈራ፣ ከዚያ ኩዳ ቶኮ ተለቅሟል አለች። ኩዳ ቶኮ፣ አሥራ አንድ።

እኔ አፌን ከፈትኩ። አሥራ አምስት ነው ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ ደግሞ አሥራ ስምንት ብሎ የጻፈው ማነው ይሉኛል። የመኻል ዳኛው ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

«አሥራ አንድ ትላለች» አልኩ።

ቡናውን ዋጥኩት። ለቀማውን ዋጥኩት። ቁጥሩን ብቻ ተፋሁ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዳኞቹም። «እናት የልጇን ዕድሜ አታውቅም፣ ወረቀት ግን ያውቃል» አለ የመኻሉ። ረሻድም ሳቀ። እናትየዋ ሰው ለምን እንደሚስቅ ስላልገባት እሷም ፈገግ አለች፣ በእንግድነት። ኑሪያ ግን አማርኛም ኦሮምኛም ታውቃለች። ኑሪያ አየችኝ።

ለሽማግሌ ተመርቷል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ሽማግሌዎቹ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ረሻድ ያግባት አሉ። ሰኮሩ ከተማ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፣ ይህችን ሁለተኛ ያድርግ። ኒካው ዓርብ መጋቢት 14። አጎቷ ከሸቤ መጥቶ በአባቷ ቦታ ወሊ ሆኖ ይድራታል። ለቀበሌ የሚቀርበውን የጋብቻ ውል ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ወጥቼ ስሄድ ረሻድ ተከተለኝ። «እናቴ» አለኝ። አዲስ እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ጽሑፍዎ ያምራል፣ በዚህ ይጻፉልን።» ተቀበልኩት። ለምን እንደተቀበልኩ አላውቅም። አሁንም ከፊቴ አለ። ሰማያዊ ነው።

ኑሪያ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ጎደሬውን ቀቅላ ድርሻዬን ታቀርብልኛለች፣ ፊቷን አዙራ።

እሁድ፣ መጋቢት 9፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

እሁድ ነው፣ ትምህርት የለም። ለእኔም ለእሷም። ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ትሠራለች፣ ለማንም የማታስረክበውን።

እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ኑሪያ ድንገት ተናገረች። ምጥ ስንት ቀን ይቆያል?

አንድ ቀን አልኳት። ቢበዛ።

ሌላ ውሸት። የእኔ ሦስት ቀን ነበር። ስንት ዓመቴ ነበር? አላውቅም፣ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። ደም አይቼ አላውቅም ነበር ሲድሩኝ። አባቴ ለቃዲው «ደርሳለች» አለ፣ በአንዲት ቃል። አንድ ላም ነበረችን፣ ሞታ ነበር ያን ዓመት። አምስት ልጆች ነበርን። የደረሰው ዕድሜዬ ሳይሆን ችግራቸው ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር። ስም ሳይወጣለት ከጓሮ ቀበሩት። ከዚያ ሌላ አልመጣም፣ ባሌም መለሰኝ፣ እንደማይሠራ ዕቃ።

አባቴን ሰድቤዋለሁ ዕድሜዬን ሙሉ። መቃብሩ ላይ ሄጄ ዱዓ አድርጌ አላውቅም። እሱ ግን መሃይም ነበር። የእኔን ዕድሜ ማንም አልጻፈም። የኑሪያን እኔ ጻፍኩት፣ ከነስሜ፣ ፊደል ካወቅኩ በኋላ፣ እሷው ባቃናችው እጅ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ዛሬ አንዲት ሴት ከሰኮሩ መጋዘኑ ድረስ መጣች። የረሻድ ሚስት። ጠብ ይነሳል ብለን ሴቶቹ ሁሉ እጃችንን አቆምን። ጦይባ ጆንያ ላይ ቆማ ታያለች።

ሴትየዋ «የቷ ናት?» አለች። ጦይባ በአገጯ አሳየቻት። ኑሪያ ተነሳች፣ ሻሿ ላይ የቡና ገለባ። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ልትሰድባት ነበር የመጣችው፣ ከፊቷ ይታያል። አልሰደበቻትም።

«ይቺ የልጄ እኩያ ናት» አለች። ለማንም አይደለም፣ ለራሷ። ሄደች።

 ሚዛኑ ላይ ረሻድ ጀርባውን ሰጥቶ የመመዘኛ ድንጋዮቹን ይቆጥራል።

እንግዳ ሴት ናት፣ አንዴ ብቻ አይታ አወቀች። ወረቀት አላስፈለጋትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13፣ ማለዳ

ነገ ኒካው ነው። ዛሬ ውሉን ጽፌ ማስረከብ አለብኝ። አጎትየው ትናንት ደርሷል፣ ደጅ ተኝቷል።

ከሶላት በኋላ ወረቀት ዘረጋሁ። የረሻድን እስክሪብቶ ያዝኩ። በዚያው ልጻፈው፣ እሱ የገዛው ቀለም እሱን ይጻፈው።

ይህን ጻፍኩ፦ እኔ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ወ/ሮ ዘይነባ፣ ኅዳር ላይ የኑሪያን ዕድሜ አሥራ ስምንት ብዬ ጽፌአለሁ። ልጅቷ አልጠየቀችኝም፣ እናቷም አላወቀችም። ለሸንጎ ሳስተረጉምም እናቷ ያለችውን ቆርጫለሁ። እናቷ ያለችው አሥራ አንድ ለቀማ ነው፣ አራት ዓመት ሲጨመር። ዳኞቹ የሳቁት በእኔ ጥፋት ነው። አሥራ ስምንት ያልኩት

እዚህ ላይ ቆምኩ። «ውሸት ነው» ልል ነበር። ውሸት የሠፈር ቃል ነው። ለመንግሥት ወረቀት ሌላ ቃል አለ። ግን በየትኛው ሀ?

የሚሆነውን አውቃለሁ። ጸሐፊነቱ ይነሳል። ጠረጴዛውም ይነሳል፣ መጋዘኑ እንዲህ ያለ ስም ያላትን አያቆይም። ምናልባት የቀበሌው እስር ቤት። ያስፈራል፣ አልዋሽሽም ደብተሬ።  እሷም ብትሆን ት/ቤቱ ነገ በሩን አይከፍትላትም፣ ሆዷም ወደ ኋላ አይመለስም። ነገ ዓርብ ግን ወደዚያ ቤት አትገባም። በአሥራ አምስት ዓመት ማንም ውል አይፈርምባትም። ይህችን ብቻ ነው የማውቀው።

ኑሪያ በር ላይ ጎደሬ ትልጣለች። ጠራኋት። መላጧን ቀጠለች። እንደገና ጠራኋት፣ «አስተማሪዬ» ብዬ። አሁን ዞረች።

«ሐሰት በየትኛው ሀ ነው?»

ቢላዋው ቆመ። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ከመጋቢት 3 ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«በሐመሩ፣ አዴ» አለች። «ባለ ሦስት እግሩ።»

ጻፍኩት። ባለ ሦስት እግሩን። ከዚያ «ትክክለኛ ዕድሜዋ» ብዬ ቦታውን ባዶ ተውኩና እስክሪብቶውን ለእሷ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። በቁጥር አልጻፈችውም፣ በፊደል፣ ቀስ ብላ። ስ እንዴት እንደሚጻፍ አሁን አየሁ።

እናቷ ምን እየሆነ እንደሆነ ትጠይቃለች። ኑሪያ በኦሮምኛ ትነግራታለች፣ ሁሉንም፣ ከኅዳር ጀምሮ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ይህን እጽፋለሁ።  አሁን እናትየዋ ተነሳች። ነጠላዋን እያስተካከለች ነው፣ ልክ ያን ቀን እንዳደረገችው።

ቀበሌው በሁለት ሰዓት ይከፈታል። ሦስታችንም ልንሄድ ነው። የማነበው እኔ ነኝ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ምንም ሳልውጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።